በፓል የስም ቀን ለሚመጣ እንግዳ

— ሄሎ… አዎ፣ ቦርባላ ነኝ። ማን ልበል?… ሄሎ? ጫጫታው በዛብኝ፣ ጮክ በል እስቲ… አምብሩሽ! አንተ ነህ እንዴ? ውይ ልጄ! ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ በሩን ገፋ ላድርገው…

— እሺ፣ አሁን ተናገር። ደረሳችሁ?… መናኸሪያው ውስጥ ናችሁ። ተመስገን። ቪራግስ?… መንገድ ላይ አላስታወካትም?… አንዴ ብቻ። አንዴማ ምን አላት። ከባያ እስከ ሴገድ በዚያ አውቶቡስ፣ በዚህ ሙቀት፣ እኔም ብሆን አንዴ አይቀርልኝም።

— ቀስ ብዬ የማወራው ወንድሜ ፓሊ ቤት ስለሆንኩ ነው። ወጥ ቤት ነኝ። እሱ፣ አማትህ፣ ግቢ ነው፣ እሳቱን እየቆሰቆሰ። በመስኮቱ ይታየኛል… አይ፣ አያውቅም። ምንም አልነገርኩትም። ብነግረው ኖሮ ገና ሳይነጋ ጀልባውን ይዞ የቲሳን ወንዝ ይሻገር ነበር። የዛሬውን እንግዳ ሁሉ እኔ ላይ ጥሎ!

— ማርጊት፣ አትሳቂ! ሽንኩርትሽን ክተፊ… ጎረቤቱ ማርጊት ናት። አትፍራ፣ የኛ ወገን ናት። «ያ የፓስታው ልጅ ነው?» ትላለች። አዎ እሱ ነው ማርጊት፣ ዝም በይ አሁን።

— ስማኝ፣ በአንድ ነገር እንስማማ። በበጋ የላይኛውን ክፍሌን ለእንግዳ እንደማከራይ ታውቃለህ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ መንገዱ በየት ነው፣ ፍል ውሃው ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ዓሣ የት ይበላል። ፓሊ ለምዶታል። ስለዚህ እሱ ከገባ አንተ የኔ እንግዳ ነህ። «እርስዎ» ማለት ከጀመርኩ ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ ዝም ብለህ ስማኝ። አደራ እንዳትስቅ… ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ቆርቤ ነው የመጣሁት፣ በዚሁ ምላሴ። ምን ላድርግ፣ እግዚአብሔር ልቤን ይይልኝ።

— ምን አልክ?… ድገመው… የመመለሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው? ወደ ባያ? አሁን ወርደህ?… አምብሩሽ። ልጄ፣ ረጋ በል። የት ነው የቆምከው?… ጥላው ጋ ተቀመጥ። ልጅቷንም አስቀምጣት።

— ልክ ነህ። ሌላ ቀን ቢሆን ያባርርህ ነበር። አልዋሽህም። ዛሬ ግን የጴጥሮስና የጳውሎስ ቀን ነው፤ ፓል ማለት ያው ጳውሎስ ነው፣ የኛ ፓሊ የስሙ ቀን። እናንተም ጋ እንደዚሁ አይደል? በስም ቀን ሰው አይጠራም፣ ሰው ይመጣል። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ «ምን እግር ጣለህ?» የሚለው የለም። በስሙ ቀን ከደጁ ሰው የመለሰ በዚህ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ፓሊ ደግሞ የሰፈር አፍ ይፈራል፣ አይፈራም ብለው እንዳይሸውዱህ። ይቺን አንድ ቀን ነው ያገኘንልህ። ካለፈችብን ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፣ የሚስትህ የኤመሼ ነገር ደግሞ ዓመት አይጠብቅም።

— እንዴት አደረችልኝ?… አልጋው ላይ። ሐኪሞቹ እንዳትነሺ ብለዋታል። ለመውለጃዋ ሦስት ሳምንት ቀራት በለኛ… ስትወጣ ምን አለችህ?… «አባቴ በሌለበት ልጄን ክርስትና አላስነሳም።» እንዲህ አለች?… አይ ኤመሼ! አፏ ቁርጥ የእሱ ነው። ሁለቱም እንዲህ ናቸው፤ አንዴ ከተናገሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ማርሽ የላቸውም።

— ስድስት ዓመት እኮ ነው! የልጅ ልጁን በዓይኑ አላያትም። ያንተ እናት የላከችልኝን ፎቶዋን አምጥቼ መደርደሪያው ላይ አኖርኩለት። በሳምንቱ ስመጣ ወደ ግድግዳ ዞሯል። አዞርኩት። በሳምንቱ ስመጣ ደግሞ ዞሯል። ግን ልንገርህ፣ አቧራ አይዝም። ቤቱ ሙሉ አቧራ ሆኖ የፎቶው መስታወት ብቻ የተወለወለ ነው። እና አሁን አውቶቡስ ትጠይቀኛለህ?

— እሺ፣ ስትመጣ እንዴት እንደምትሆን ልንገርህ። ባዶ እጅህን አትግባ… ከባያ አረቄ ይዘሃል? የምን?… የኮክ። ጎበዝ። ጫማህን በሩ ላይ አውልቅ። ሲቀዳልህ ዓይን ዓይኑን እያየህ ነው የምትጠጣው፤ ብርጭቆህን እያየህ ከጠጣህ የሆነ ነገር ደብቀሃል ይላል። ሁለተኛ ሳህን ሲጨምርልህ እምቢ አትበል። ሦስተኛውን እምቢ ማለት ትችላለህ፣ ግን እሱም…

— …አዎ ጌታዬ፣ በደንብ እሰማዎታለሁ! እንኳን ወደ ሴገድ በሰላም መጡ! ክፍሉ ተዘጋጅቷል!

— እንግዳ ነው ፓሊ፣ ገና ከአውቶቡስ መውረዱ ነው… ቢላዋው? ማርጊት ፊት ነው ያለው።

— እና ጌታዬ፣ ከመናኸሪያው ሲወጡ አጠገቡ ገበያው አለ። በገበያው በኩል አድርገው፣ መንገዱን ይዘው… ምን አልክ ፓሊ?… ወንድሜ ነው ጌታዬ፣ እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቀዩን እንዳይረግጡ ይላል። ቀይ የተቀባው መንገድ የብስክሌት ነው። እዚህ ከተማ መኪና ቆሞ ያሳልፍዎታል፣ ብስክሌት ግን ለንጉሥም አይቆምም ይላል… ከሁሉ አሮጊቶቹን ይፍሩ። መጀመሪያ ደወል ይመቱብዎታል፣ ቀጥለው ይሰድቡዎታል፣ ቀጥለው ይገጩዎታል… እኔን ነው የሚለው ጌታዬ። ሰምቼሃለሁ ፓሊ!

— ትራሙ? ይችላሉ፣ የከተማው ባቡርም ያደርስዎታል። ቲኬትዎን ገዝተው እንደገቡ ማሽኑ ላይ ማስመታት ነው። ኪስዎ ውስጥ አድርገው ቢቀመጡ ተቆጣጣሪው «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ነገር አይሰማም… ቆይ ፓሊ፣ አንድ ባንድ!… የአና ምንጭ ጋ ይውረዱ ይላል። ባዶ ጠርሙስ ይያዙ። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ሲሸት የቆየ እንቁላል ይሸታል፤ አይፍሩት፣ ሆድ ያጸዳል። የሰፈሩ ሰው በጀሪካን ነው የሚቀዳው። ሰልፍ ይኖራል። ሰልፉ ላይ ዝም ብለው እንዳይቆሙ፣ ከሰው ይጫወቱ፤ ዝም ያለ ሰው ካዩ በጠና ታሞ የመጣ መስሏቸው ወረፋ ይለቁለታል… እሱስ ጥሩ አይደል? ዝም ይበሉ ጌታዬ፣ ቶሎ ይቀዳሉ! ሃ ሃ… አየህ ፓሊ፣ እንግዳው ሳቀልህ።

— ምን ይግዛ?… በርበሬ። አዎ፣ ሴገድ መጥተው በርበሬ ሳይገዙ መሄድ የለም። ሪባን የታሰረበትን ቆርቆሮ አይግዙ ይላል፣ እሱ ለመደርደሪያ ጌጥ ነው። ከገበያው ጥግ የሚቀመጡ ሴቶች አሉ፣ ከነሱ ነው፣ በተራ ከረጢት። በሁለት ጣትዎ ፈተግ ያድርጉት። ቀለሙ ጣትዎ ላይ ከቀረ፣ ሽታውም ጣፈጥ ካለ፣ የዘንድሮ ነው። ብርሃን ካየ ይገረጣል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ… ቆርቆሮው ውስጥ… እና ምን?… ፓሊ? እና ምን ልበለው?

— ወጣ። ቢላዋውን ረስቶ ወጣ።

— ማርጊት፣ ቢላዋውን አድርሽለት እስቲ። እዚያው ትንሽ አጫውቺው።

— ሄሎ፣ አለህ?… አዎ፣ ድምፁ ነው። አልተለወጠም። እንግዳ ሲያገኝ እንዲህ ነው፣ ሴገድን እሱ የሠራት ነው የሚመስለው… ቪራግ ምን አለች?… «ሰውዬው ያስቃል።» ውይ በሞትኩት!

— እሺ፣ አሁን አንተ ስትገባ ምን ልትለው ነው ያሰብከው?… «ፓስታውን ስለጨመርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከዚያስ?… በቃ? ስድስት ዓመት ስታዘጋጀው የኖርከው ይሄ ነው?

— አይ፣ ጥፋትማ ነው! ማን ጥፋት አይደለም አለህ? እኛ የዓሣ ሾርባችንን በወንፊት እናጠልላለን፣ ጥርት እናደርጋለን፣ ፓስታ የሚባል አጠገቡ አይደርስም። እናንተ ባያዎች ደግሞ ያለ ፓስታ ሾርባም አትሉት። ይሄ አያቶቻችንም የተሳሳቁበት ነው። ግን በሰርግ ቀን! የሙሽሪት አባት ቄሱን ልቀበል ብሎ ዞር ባለበት፣ ለሰማንያ ሰው የተሰቀለ ድስት ውስጥ ፓስታ በባልዲ መገልበጥ… አውቃለሁ። ለክፋት አይደለም። ሁለቱን ከተሞች ላጋባቸው ብለህ ነው። ደግሞም ጠጥተህ ነበር… ትንሽ። እሺ፣ ትንሽ ይሁንልህ።

— ሲመለስ አየው። ሁለት ወንድ ተጋግዞ የሰቀለውን ድስት ብቻውን አውርዶ ጎትቶ ቲሳ ውስጥ ደፋው። አንተ ሳቅክ። «ሾርባ እኮ ነው!» አልክ… ብለሃል ልጄ፣ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ኤመሼ ደግሞ «ከኔ ሰርግ ድስትህ በለጠብህ!» አለችው፣ በሰው ፊት። ባዶውን ድስት ጫነና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ።

— አሁን የማታውቀውን ልነግርህ ነው። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። እሱም እንደማውቅ ያውቃል፣ ግን አንስተነው አናውቅም። የኤመሼ እናት ቴሬዝ የሞተችው በዚያው ዓመት በፀደይ ነበር፣ ከሰርጉ ሦስት ወር ቀደም ብላ፤ ይሄን ታውቃለህ። ከዚያ በፊት በመከሩ፣ ቆማ መሄድ እያቃታት፣ በርበሬዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ለቀመች። በመርፌ በክር ሰካችው፣ በጓሮው ግድግዳ ሰቀለችው፣ አደረቀችው፣ አስፈጨችው። በየዓመቱ እንደምታደርገው። ክረምቱን በሉት። ስትሞት አንዲት ቆርቆሮ ቀርታ ነበር። ፓሊ ያቺን ቆርቆሮ አልነካትም። ሦስት ወር ሙሉ ወጡን አልጫ በላ።

— በሰርጉ ቀን ነው የከፈታት። እኔ ነበርኩ አብሬው። ድስቱ ላይ ገልብጦ ቂጧን መታ መታ አደረጋት፣ የቀረውን በጣቱ ጠረገ። «ቦሪ፣» አለኝ፣ «ልጄ በሰርጓ ቀን የእናቷን እጅ ትቅመስ።» ሊነግራት አልፈለገም። ስትቀምስ በራሷ ታውቀዋለች ብሎ ነው የጠበቀው።

— …

— ሄሎ?… አምብሩሽ? ትሰማኛለህ?… ሄሎ?

— አለህ። እሺ። እሺ ልጄ… አይ፣ ስማኝ፣ አንተ አይደለህም የደፋኸው። ይሄን ነው የምነግርህ። ፓስታውን በጭልፋ ማውጣት ይቻል ነበር። ሾርባው ያው ሾርባ ነው፣ በርበሬውም ያው የቴሬዝ በርበሬ። በንዴት አንስቶ ወንዝ ውስጥ የደፋው እሱ ነው፣ በገዛ እጁ። ኤመሼ ሳትቀምሰው። ስድስት ዓመት ሙሉ ባንተ የተናደደ ይመስልሃል፤ ባንተማ ቢሆን ድሮ በበረደለት። ራሱን ነው ይቅር ያላለው። ማንም የማያውቀውን ጥፋት ደግሞ ማን መጥቶ ይቅር ይበለው?

— እንዴት አወቅሁ? አልነገረኝም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ እመጣለሁ፣ ስለ ዓሣ ያወራኛል፣ ስለ ውሃው ከፍታ ያወራኛል። እኔ አልማርኩም፣ አዋቂም አይደለሁም፤ ሰው ሲያወራ አላቋርጥም፣ ይሄው ነው። አንድ እሁድ ስለ ጀልባ ቀለም እያወራ ቆየና፣ ከመሬት ተነስቶ፣ «ያን ቀን እኮ ውሃው ቀላ፣ ቦሪ» አለኝ። ተመልሶ ወደ ጀልባው ቀለም ገባ። በዚያ ነው ያወቅሁት።

— ስለዚህ ስለ ፓስታ ይቅርታ አትጠይቀው። ስለ ቴሬዝ ጠይቀው። ኤመሼ የእናቷን እጅ ሳትቀምስ መቅረቷን አንሳለት… አዎ… አዎ ልጄ፣ እንደመጣልህ በለው።

— ቪራግ ናት የምትጮኸው?… ላንጎሽ አየች? ሊጡ በዘይት ሲጠበስ ሽታው ጎትቷት ነው። ግዛላት፣ ጠዋትም ያለ ቁርስ ነው የተነሳችው። ነጭ ሽንኩርቱን ቀነስ አስደርግላት…

— …ልክ ነዎት ጌታዬ፣ ላንጎሹን ነጭ ሽንኩርትና ኮምጠጥ ያለ ክሬም ይቀቡልዎታል!

— ምን?… አዎ ፓሊ፣ የልጅ ድምፅ ነው። ልጅ ይዞ ነው የመጣው… እኔ ምን አውቄ። ጌታዬ፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ይላል ወንድሜ?… አራት ተኩል ፓሊ… ኮፍያ አላት ወይ?… የላትም… ኧረ እኔን ምን ትቆጣኛለህ! ጌታዬ፣ በሰኔ ፀሐይ ልጅ ራሷን ሳትሸፍን አትዞርም ይላል፣ የሴገድ ፀሐይ እንደሌላው አገር አይደለም። ከላንጎሹ በፊት ኮፍያ ይግዙላት። ገበያው ውስጥ የገለባ አለ።

— ትልቁ ቤተክርስቲያን አደባባይ ላይ ያለውን ሰዓት ያሳዩዋት ይላል። እኩለ ቀን አለፍ ሲል ሙዚቃ ይመታና ከሰዓቱ ውስጥ ትናንሽ ሰዎች ወጥተው ይዞራሉ። ከፊት መቆም አይጠቅምም፣ ራቅ ብሎ ነው፤ ትከሻህ ላይ… ትከሻዎ ላይ ያድርጓት። ማታ ደግሞ ወንዙ ዳር ይውሰዷት። የወንዙ በራሪ ነፍሳት ዘንድሮ ዘግይተዋል፣ ምናልባት ዛሬ ይወጡ ይሆናል… ቆይ ልንገረው ፓሊ! ሦስት ዓመት ከቲሳ ጭቃ ሥር ተኝተው ኖረው፣ አንዲት ምሽት ብቻ ወጥተው ውሃው ላይ የሚበሩ ናቸው ጌታዬ። ወንዙ ያበበ ይመስላል። ልጅ ያንን ሳታይ ከሴገድ አትውጣ ይላል። እሱም…

— ምን አልክ?… ማንን?… አዎ ፓሊ። አስታውሳለሁ። ኤመሼን አንገትህ ላይ አድርገህ። ፀጉሯ ሙሉ ነፍሳት ሆኖ። «አባዬ ክንፍ አወጣሁ» ብላ።

— …ይቅርታ ጌታዬ። አለሁ። ሽንኩርቱ ነው። ማርጊት፣ አንቺንም ሽንኩርቱ ነው?

— አዎ ፓሊ?… ምሳ?… የት እንደሚበሉ እኔ አላውቅም። ምግብ ቤት ይገባሉ እንግዲህ… እዚህ?… እዚህ ቤት ይምጡ?… ኧረ ሰምቻለሁ፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ቀን ልጅ ይዞ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት አይንከራተትም። ለልጅቷ አጥንቱን አንተ ትለቅምላታለህ። እሺ… እሺ ፓሊ…

— ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ። እንዳይዘጉት።

— ፓሊ፣ ቁጭ በል… እሺ፣ ቆመህም ስማኝ። እስካሁን ስዋሽህ ነው የቆየሁት። እስከዚህ ድረስ ችዬዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ከአፍህ ጥሪ ሰርቄ ሰው ቤትህ አላስገባም። ሰውየው የኔ እንግዳ አይደለም። አምብሩሽ ነው። ልጅቷ ቪራግ ናት። የኤመሼ ቪራግ።

— …

— አይ አምብሩሽ፣ አትዝጋ… እዚሁ ነው። እኔ እንጃ። እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ ነው። የደረቀ እጁን።

— …ምን አልከኝ ፓሊ?… እናቷማ ሆስፒታል ናት… አይደለም! አይደለም፣ አትደንግጥ፣ ተቀመጥ አልኩህ! በሽታ አይደለም፣ ልትወልድ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፣ እንዳትንቀሳቀስ ብለዋት ነው። ለዚህ ነው እሷ ያልመጣችው። አባቴ በሌለበት ክርስትና አላስነሳም ብላለች… አዎ፣ «አባቴ» ነው ያለችው። ሌላ ምን ትበል?

— ነግሬዋለሁ። አዎ፣ ስለ በርበሬው… አሁን ነው የነገርኩት፣ በዚህ ስልክ። እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። እሷም አታውቅም። አንድም ሰው አያውቅም ነበር ፓሊ፣ እንዴት እንዲያውቁልህ ፈለግክ? ወንዙ እንዲነግራቸው ነው?… ተቆጣኝ። ግድ የለም፣ ደስ እስኪልህ ተቆጣኝ።

— ምን እንዳለ? ከራሱ ስማው። ቆይ ልጠይቀው።

— አምብሩሽ፣ የሆነ ነገር በል ልጄ። እኔ አደርስልሃለሁ… እሺ… እሺ… ውይ… ፓሊ፣ «ልጅቷን አያቷ ይያት እንጂ እኔ አልገባም» ይላል። «ደጁ ላይ አድርሻት እሄዳለሁ፣ ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ እሱን ደስ ይበለው እንጂ እኔ መናኸሪያው ውስጥ መዋል እችላለሁ» ይላል።

— …

— አምብሩሽ፣ ቆይ… ምን?… ፓሊ ይጠይቃል። ሾርባውን ትበላለች ወይ ይላል። ቪራግ… ምን አልክ? ጮክ በል… ያለ ፓስታ አትበላም?

— …ማርጊት፣ አትሳቂ በእግዚአብሔር! ሰዓቱ አይደለም!

— ፓሊ፣ ያለ ፓስታ… አዎ። የአምብሩሽ እናት ናት እንዲህ ያስለመደቻት። የባያ ልጅ ናት፣ ምን ይደረግ… ምን?… ይቀቀል?… ለብቻው! ለብቻው ድስት! ሰምቻለሁ! ከሾርባው ጋር አይገናኝም፣ ሳህኗ ላይ ብቻ፣ ለልጅቷ ብቻ! እሺ! መሬቱን አትምታው፣ ሰምቻለሁ አልኩህ!… አምብሩሽ፣ ትሰማለህ? ፓስታ ይቀቀል አለ። ፓሊ፣ በዚህ ቤት! ማርጊት ወንበር ፈልጋ ተቀምጣለች።

— ወጣ። ሽርጡን ፈታው… አይ፣ እሳቱ ጋ አልሄደም። ድስቱን ትቶታል። ማርጊት፣ እይ እስቲ፣ የት ነው የሚሄደው?… ብስክሌቱን አወጣ። ወደ በሩ እየገፋ ነው… አምብሩሽ፣ ወዳንተ ነው የሚመጣው! ከተቀመጥክበት እንዳትነሳ። ሲደርስ አትቅደመው፣ ልጅቷ ትቅደም። ስሟን ትንገረው። አንተ ዝም ብለህ…

— ቆይ። ቆመ። በሩ ላይ ቆመ… ብስክሌቱን መለሰው። አጥሩ ላይ አስደገፈው። ፓሊ! ምን ሆንክ? እንዴ፣ ተውከው?… ውሰደው እንጂ! ፈጥነህ ትደርሳለህ፣ ልጅቷን ከኋላ አስቀምጠህ ትመጣለህ!… ምን?

— …

— አምብሩሽ። ሰማኸው?… አልሰማህም? «ሦስት ሰው በአንድ ብስክሌት አይጫንም» አለኝ። ይሄን ብሎኝ በእግሩ ሄደ… አዎ፣ ሄዷል፣ መንገዱን ይዟል። ሦስት ነው ያለው ልጄ። እሱ አንድ፣ ቪራግ ሁለት። ቁጠረው… አዎ። አዎ፣ አንተን ነው።

— በል አልቅስ፣ ግማሽ ሰዓት አለህ፤ እስኪደርስ ድረስ ጨርሰው። እኔ ልዝጋ፣ ድስቱን ማንም ሳይይዘው ገነፈለ። ማርጊት፣ እሳቱን ቀንሺ! መጣሁ!… ደህና ሁን ልጄ። ዘጋሁት።